ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ወሬ

ና እስቲ ወንድሜ፣ ወደ መሐል ግባ። እናንተም ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ። ይህ ሰው ጌም ይጫወታል። መጫወቱ ባልከፋ፣ ተጫውቶ ሲያበቃ ታሪክ ማስተማር ይጀምራል እንጂ። የዛሬው ትምህርት ይኸውላችሁ፦ «ባለሁለት እጅ ሰይፍ በሁለት እጅ የሚያዘው ስለሚከብድ ነው።» አጨብጭቡለት! በሁለት እጅ አጨብጭቡ፤ በአንድ እጅ ይከብዳችኋል።

ጆይስቲክህን በስንት እጅ ነው የምትይዘው? በሁለት። ከብዶህ ነው? ዘንዶ ገድለህ ስትነሳ ያመመህ አውራ ጣትህን ብቻ ነው። በአውራ ጣት ጀግና የሆንክ ሰው ስለ ክንድ ልታስተምረን መጣህ?

ሰይፉ ሁለት እጅ የፈለገው ስለከበደ ሳይሆን ስለረዘመ ነው። የላይኛው እጅ ሲገፋ የታችኛው ይስባል፣ ጫፉ ዥው ብሎ ይዞራል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የጀርመንና የስዊዝ ወታደሮች ይዘውት የዘመቱት ሰይፍ ቀጥ አድርገው ቢያቆሙት ከባለቤቱ አገጭ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ግንባሩን ይነካል። ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን አብዛኛው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ተኩል ነው። በወገብ የሚታጠቁት ባለአንድ እጁ ደግሞ አንድ ኪሎ ከምናምን። በቃ፣ ይኸው ነው። እውነተኛው ሰይፍ አራት ኪሎ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ይላል። ያንተው ስድስት ኪሎን አለፈ፣ ሽሮ ሜዳን አቋረጠ፣ አሁን እንጦጦ ላይ ቆሞ የሚያወርደው ይጠብቃል።

«ከራሴ አላመጣሁትም፣ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል!» ይላል። ሰማችሁ? ማንበብ ይችላል። እሺ፣ መጽሐፉን እንግለጠው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስን አወጡ፤ ዳይስ እየተጣለ፣ ወረቀት ላይ እየተጻፈ የሚጫወቱት፣ የዛሬው የፋንታሲ ጌም ሁሉ አያት። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ በእኛ ብቆጥርለት ሰባት ዓመት ልጅ ሆኖ ይኩራራብኛል።) በ1978 የወጣው የተጫዋቾች መመሪያ ሰይፉን በወርቅ ሳንቲም መዘነው፦ 250 ሳንቲም። ዐሥሩ ሳንቲም አንድ ፓውንድ ነው። ስለዚህ 25 ፓውንድ። በኪሎ 11 ከ300 ግራም ገደማ። ይህ ሰይፍ ከመክበዱ የተነሳ ሰገባ አይበቃውም፤ ታርጋና የጭነት ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ቆይ፣ አትሂድ፣ ገና ሁለተኛው ገጽ ላይ ነን። በ1989 ሁለተኛው እትም መጣ፤ ሰይፉ 15 ፓውንድ ሆነ። በ2000 ሦስተኛው እትም መጣ፤ ክብደቱ እዚያው 15 ላይ ቆመና ስሙ «ታላቅ ሰይፍ» ተባለ። ደመወዝ መጨመር ያቃተው መሥሪያ ቤት ማዕረግ ይጨምራል። በ2003 ታርሞ ሲወጣ 8 ፓውንድ። በ2014 አምስተኛው እትም 6 ፓውንድ፤ ሁለት ኪሎ ከ700። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ይህ ሰይፍ 36 ዓመት ያለ ፋሲካ ጾመ! ብረት ሲከሳ ያያችሁ አላችሁ? ዝገት እንኳ እንዲህ አይበላም። አሥራ ዘጠኝ ፓውንድ የት ገባ? የመንግሥት መጋዘን ቢሆን ኖሮ ኦዲተር ገብቶ፣ ንብረት ክፍሉ ታግዶ፣ ዘበኛው ቃሉን ሰጥቶ ነበር።

ከክሳቱ ይልቅ እኔን የገረመኝ ጉልበቱ ነው። በወፈረበት ዘመን ሰው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከ1 እስከ 10 ነበር። ከስቶ ከስቶ 6 ፓውንድ ሲሆን ግን ከ2 እስከ 12 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ክብደቱ ጠላት ላይ አልነበረም፣ ተሸካሚው ላይ ነበር። 36 ዓመት ሙሉ የተመታኸው አንተ ነህ።

«ቁጥሩ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ለመያዝ አለመመቸቱንም ይጨምራል ተብሎ ተጽፏል» አለ። ጎበዝ! ይህቺን አገኘሃት። እውነት ነው፣ በ1979 የወጣው የጨዋታ መሪው መጽሐፍ እንዲህ ይላል፤ ክብደትና አለመመቸት ተደምረው ነው ያ ቁጥር የወጣው። አሥር ዓመት ቆይቶ ግን ሁለተኛው እትም ሳንቲሙን ትቶ በፓውንድ ጻፈው፤ ያኔም 15። እንደው ለክርክሩ ያህል ልቀበልህ። አለመመቸት በኪሎ የሚመዘን ከሆነ፣ ወንድሜ፣ አንተን ከዚህ ለማንሳት ክሬን ያስፈልገናል።

ለነገሩ ወሬውን የጀመሩት ጌም ሠሪዎቹ አይደሉም፤ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ነው። በ1885 እንግሊዛዊው ኤጀርተን ካስል ስለ ሰይፍ ውጊያ ትምህርት ቤቶች ታሪክ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። የራሱ ዘመን ሰው በቀጭን ሰይፍ፣ በነጭ ጓንት፣ በጨዋ ደንብ ይጫወት ስለነበር፣ የመካከለኛው ዘመን ሰው ለሱ ጉልበት እንጂ ጥበብ የማያውቅ ጨካኝ መሰለው። የሚያስቀው የገዛ ወዳጁ ነው። አልፍሬድ ሃተን ባለሁለት እጁን ሰይፍ ይዞ ሰው ፊት እየወጣ ያሳይ ነበር፤ በ1892 ባሳተመው መጽሐፍም አጠቃቀሙን አስተማረበት። አንዱ «ጥበብ የለውም» እያለ ሲጽፍ፣ ሌላው እየሠራ አሳየ። አንተ ከሁለቱ የመረጥከው ጸሐፊውን ነው። ያውም ሳታነበው።

አሁን ደግሞ «ቢቀልም ዘገምተኛ ነው» ጀመረ። ከየት? ከዚያው ከመመሪያው! በ1978ቱ ሠንጠረዥ ውስጥ ለእያንዳንዱ መሣሪያ የፍጥነት ቁጥር አለ፤ ቁጥሩ በበዛ መጠን መሣሪያው ይዘገያል። ጩቤ 2፣ ባለሁለት እጅ ሰይፍ 10። የጌምህ ጀግና ሲሰነዝር አይተነዋል እኮ። መጀመሪያ ይተነፍሳል። ከዚያ ትከሻውን ያዞራል። ከዚያ ያስባል። ከመቀርፈፉ የተነሳ ጠላቱ በሰይፍ ሳይሆን በእርጅና ነው የሚሞተው። ሰይፉ ሲነሳ ጎረምሳ ነበር፤ ሲያርፍ የልጅ ልጅ ስሟል።

ፖርቱጋላዊው ዲዮጎ ጎሜስ ዴ ፊጌይሬዶ በ1651 ስለዚህ ሰይፍ ልምምድ ጽፎ ትቶልሃል። ሞንታንቴ ይሉታል እነሱ። ደንቦቹ ለምን ለምን እንደሆኑ ስማ፦ በጠባብ መንገድ ለመዋጋት፣ በሰፊ መንገድ ለመዋጋት፣ ከፊትም ከኋላም ሰው ሲመጣብህ፣ በመርከብ ላይ ባለች ቀጭን መተላለፊያ፣ ጋሻ የያዙ ሰዎች ሲገጥሙህ፣ አንዲት ወይዘሮ ከጎንህ ቆማ እሷን ስትጠብቅ። ከፊትም ከኋላም! ዘገምተኛ መሣሪያ ይዞ ከኋላ የመጣበትን የሚመልስ ሰው ካለ፣ ከኋላ የመጣው ሰው የተኛ መሆን አለበት። ይህ ሰይፍ ከባዱ ሥራው ማንሳት ሳይሆን ማቆም ነው። አንዴ ከዞረ አይቆምም፤ ስለዚህ አያቆሙትም። ምቱ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል፤ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እየዞረ። አንድ ሰው ብዙ ሰው የሚያርቅበት መሣሪያ ነው። በጌምህ ግን አንድ ጊዜ ሰንዝሮ ሻይ ይጠጣል።

ይህን ደግሞ ስሙ፤ ይህቺ ለእናንተ ናት፣ እሱ አይገባውም። በስፔን የሰይፍ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹ ሲጋጠሙ ነገሩ ሲጦፍ መምህሩ ሞንታንቴውን መሐላቸው ያስገባና ይገላግላቸው ነበር። አያችሁልኝ? አንተ ለዕልቂት ነው የፈጠሩት ያልከው ሰይፍ ሽማግሌ ነበር! ያውም የማይረዝምበት ሽምግልና። «ተው ልጄ፣ አንተም ተው» የለም፤ ሰይፉ መሐል ሲገባ ሁለቱም ወደ ኋላቸው። እስቲ ዘገምተኛ ገላጋይ አምጣ፤ ደርሶ የሚያስታርቀው ሁለት ሬሳ ነው።

«ጉልበት ይጠይቃል» ትላለህ ደግሞ። ብዙው ጌም «ብርታት» የሚባል ቁጥር አለውና። በ2011 በወጣው ዳርክ ሶልስ ውስጥ ዝዋይሃንደር የሚባል ሰይፍ አለ። (ዝዋይ አይደለም ወንድሜ፣ ተቀመጥ፤ ዓሣ የለም።) በአንድ እጅ ለመያዝ ብርታትህ 24 መድረስ አለበት። ባለሁለት እጅ ሰይፍ፣ በአንድ እጅ! ሌላኛው እጅ ምን ሊሠራ ነው፣ ፎቶ ሊያነሳ? በ1487 ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሦስተኛ ለጀርመን የረጅም ሰይፍ መምህራን ማኅበር የመብት ደብዳቤ ሰጠ፤ መምህር መባል የፈለገ ሰው በማኅበሩ ፊት ተፈትኖ ማለፍ ነበረበት። ነገሩ የጉልበት ቢሆን ኖሮ ፈተናው ኩንታል መሸከም ይሆን ነበር፤ የማኅበሩ ሊቀ መንበርም አንድ የመርካቶ ወዛደር።

ወታደሮቹስ? ላንድስክኔክት የሚባሉት የጀርመን ቅጥረኞች ተራው በወር 4 ጉልደን ይበላል። በፊተኛው ረድፍ የሚቆሙት፣ ከነሱም መካከል ባለሁለት እጅ ሰይፍ የያዙት፣ 8። ሁለት እጅ ሰይፍ፣ ሁለት እጅ ደመወዝ። ሰው ደመወዙ በእጥፍ የሚጨመረው ለሥራው እንጂ ለዕቃው ክብደት አይደለም። በዕቃ ክብደት ቢሆንማ ዛሬ ፍሪጅ አመላላሹ ሚኒስትር በሆነ።

«ሙዚየም ውስጥ ግዙፍ ሰይፍ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!» እሰይ፣ አሁን ወደ ብረቱ መጣህ። አለ፣ አልክድህም። በኔዘርላንድስ ሊዋርደን ከተማ በሚገኘው የፍሪስላንድ ሙዚየም የፒር ገርሎፍስ ዶኒያ ነው የሚባል ሰይፍ አለ፤ ሰውየው በ1520 የሞተ አማፂ ነው። ርዝመቱ ከ2 ሜትር ይበልጣል፣ ክብደቱ 6 ኪሎ ከ600። ትልቅ ነው! ለሰልፍ የሚሠራ ሰይፍ የሚባል ነገር እንዳለ ግን ሰምተሃል? በጌታው ፊት ቀጥ ተደርጎ የሚያዝ፣ ያጌጠ፣ የወፈረ፣ ሕዝብ አይቶ አፉን እንዲይዝ የታሰበ። ሠርቷል እኮ፤ ከአምስት መቶ ዓመት በኋላ ያንተን አፍ ከፈተ። መያዙ ነው ያልተሳካው።

አሁን የጃፓኑን ልጨምርልህ፣ እንዳትራብ። የኖሪሚትሱ ኦዳቺ ይባላል፤ የ15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። 3 ሜትር ከ77 ሳንቲ ሜትር! 14 ኪሎ ተኩል! በኦካያማ፣ በኪቢትሱ መቅደስ ይገኛል። የት? በመቅደስ! ስለት ያለው ነገር ሁሉ ለመቁረጥ አይደለም ወንድሜ፤ አንዳንዱ ስለት ለስለት ነው። ታሪክ የማያውቅ ሰው ለመቅደስ የገባ ስለት አይቶ «በዚህ ነበር የሚዋጉት» ይላል። እግዜር ይይልህ፤ አንተ ደብረ ሊባኖስ ብትሄድ ጃንጥላውን አይተህ «ድሮ ዝናቡ እንዴት ቢበረታ ነው» ትላለህ።

የስኮትላንዱን ጀግና ዊልያም ዋላስን አነሳብኝ! «በፊልሙ ሰይፉን ጀርባው ላይ ታጥቆ ነበር።» የ1995ቱ ፊልም ነው የሱ ቤተ መዛግብት። ዋላስ በ1305 ተገደለ፤ ስኮትላንዶቹ ባለሁለት እጁን ሰይፍ በሰፊው የያዙት ከሱ በኋላ ብዙ ትውልድ ቆይቶ ነው። በስተርሊንግ የዋላስ ነው ተብሎ የሚታየው ሰይፍ 1 ሜትር ከ63 ይረዝማል፣ 2 ኪሎ ከ700 ይመዝናል፤ የሱ ዘመን ሰይፍ ስለመሆኑ ሊቃውንቱ አያምኑም። ያም ሆኖ ክብደቱን አየህልኝ? ሁለት ኪሎ ከ700። የውሸት ሰይፍ እንኳ ካንተ ይልቅ ልክ ነው።

ጀርባ ላይ መታጠቁን ግን ዝም ብለን አንለፈው፤ ተመልካቹ ይፍረድ። ይኸው ትከሻህ፣ ይኸው መዳፍህ። በመካከላቸው ያለው ክንድህ ነው። የሰይፉ ስለት ብቻውን ከሜትር ይበልጣል። በል ምዘዘው። ሳብ። ሳብ! ክንድህ አለቀ፣ ሰይፉ አላለቀም። ግማሹ ሰገባ ውስጥ ነው፣ ግማሹ ጆሮህ ሥር ነው፣ ጠላትህ ደግሞ ፊት ለፊትህ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ እየተዝናና ነው። ሰይፍ ከጀርባ የመዘዘ መዘዙ ብዙ ነው። ዊቸር የሚባለው ጌም ጀግና ጌራልት ደግሞ ጀርባው ላይ ሁለት ነው የሚሸከመው፤ አንዱ ሲቸግር ሁለት መዘዝ! በጦር ሜዳ የነበረው ሰው ረጅሙን ሰይፍ እንደ ጦር ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ነው የሚሄደው። በፊልም እንዴት ይወጣል ካልከኝ፣ ዳይሬክተሩ «ካት» ይላል፣ አንዱ ረዳት መጥቶ ያወጣለታል፣ እንደገና ይቀረጻል። በዚያ ፊልም መጀመሪያ የቆረጠው ሰይፉ አይደለም፣ ዳይሬክተሩ ነው።

«የብረት ልብስን ሰንጥቆ ያልፋል» አለ! ኧረ ውኃ ስጡት። የተሟላ የብረት ልብስ የለበሰን ሰው በስለት ብትጨፈጭፈው የሚቆረጠው ተስፋህ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር? በ1467 የተሣለው የሃንስ ታልሆፈር የውጊያ መጽሐፍ ላይ ተመልከት። ተዋጊው አንድ እጁን ከእጀታው ወደ ስለቱ ያወጣና ሰይፉን አሳጥሮ በብብት፣ በፊት መሸፈኛው ክፍተት ይወጋል። ይባስ ብሎ ሰይፉን ይገለብጠዋል፤ ስለቱን በሁለት እጁ ጨብጦ በእጀታው በኩል እንደ መዶሻ ራስ ቅሉን ይለዋል። አዎ፣ ስለቱን በእጁ! የጌምህ ሠሪ ይህን ቢያይ «የተሳሳተ ቁልፍ ነክተሃል» ብሎ ይመልስሃል። በኋላ የመጡት ትላልቆቹ ሰይፎች እንዲያውም ከእጀታው ከፍ ብሎ ያልተሳለ፣ አንዳንዴም በቆዳ የተጠቀለለ ቦታ አላቸው፤ እጅ ይያዝበት ተብሎ። ስንት ጌም ውስጥ አየኸው? ሥዕሉ ላይ አለ፣ ቁልፉ ላይ የለም።

አሁን ጥግ ሲይዝ የመጨረሻዋን ሰይፉን መዘዘ፦ «ለጌሙ ሚዛን ተብሎ ነው። ካልከበደና ካልዘገየ ሁሉም እሱን ብቻ ይይዛል።» ይህቺ ከምታወራቸው ሁሉ ትሻላለች፣ አልደብቅህም። ግን ሚዛን ለማስተካከል ሚዛን ይሰረቃል እንዴ? የበርበሬ ነጋዴ ሚዛን ሲሰርቅ ይከሰሳል፤ ጌም ሠሪ ሲሰርቅ «ዲዛይነር» ይባላል። እውነተኛው ሰይፍ ጉድለት አጥቶ ነው? ሁለት እጅህን ወስዶ ጋሻ ነስቶሃል፤ ቀስተኛ በሩቁ ሲያይህ እጁን ያሻሻል። የእኛ የድሮ ሰው ጋሻና ጎራዴ ሳይለያይ የኖረው ወዶ አይደለም። ጣራው ዝቅ ባለ ቤት ውስጥ ይዘኸው ግባ፤ የምትገድለው ግድግዳ ነው። ወገብህ ላይ ልትታጠቀው አትችልም። ዋጋውም በ1978ቱ መጽሐፍህ 30 ወርቅ ነው፣ ረጅሙ ሰይፍ 15። ይህ ሁሉ እውነተኛ ጉድለት ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ሳለ፣ የሌለ ኪሎ መፍጠር ለምን አስፈለገ?

የሚያናድደኝ ደግሞ (አልተናደድኩም፣ እየሳቅኩ ነው) ትክክለኛዋ ሕግ እዚያው ሠንጠረዥ ውስጥ መኖሯ ነው። የ1978ቱ መመሪያ ርዝመቱን 6 ጫማ ገደማ ብሎ ደህና አድርጎ ጽፏል። ቀጥሎም ለመጠቀም የሚያስፈልገውን ቦታ ጽፏል፦ ለረጅም ሰይፍ 3 ጫማ፣ ለባለሁለት እጁ 6 ጫማ። ይህቺ ናት እውነተኛዋ ዕዳው! ቦታ ስጡኝ የሚል መሣሪያ። ታዲያ ይህን ቁጥር ያከበረ ተጫዋች አይተሃል? በድሮው የዋሻ ካርታ የተለመደው መተላለፊያ ስፋቱ 10 ጫማ ነው። ሁለት ባለሰይፍ ጎን ለጎን ቢቆሙ 12 ጫማ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያው ሟች ጭራቁ አይደለም፣ ጓደኛህ ነው። ወይ ሰይፉ ይጠር፣ ወይ ዋሻው ኮሪደር ልማት ይግባለት።

«ፋንታሲ ነው! ድራጎን ያለበት ጌም ውስጥ ስለ ሰይፍ ኪሎ ትጨቃጨቃለህ?» ጠበቅኩህ፤ ቀስ ብለህ መጣህ፣ እንደ ሰይፍህ። ድራጎኑ እኮ ዋጋ አልተጻፈበትም። ከሱቅ አልገዛኸውም። «ይህን ያህል ፓውንድ ነው» ብሎ በታሪክ ስም አልማለም። ሰይፉ ግን አለ፤ ሙዚየም ሄዶ የፈለገ ሰው ሚዛን ላይ ያወጣዋል። ድራጎንን ሚዛን ላይ አውጥቶ የተመለሰ የለም። በ1997 በፋይናል ፋንታሲ ሰባት የመጣውን የክላውድን ሰይፍ እይ፤ የበር ሳንቃ ያህል ሰፍቶ፣ በአንድ እጅ ይሽከረከራል። ከ1989 ጀምሮ ቤርሰርክ በሚባለው የኬንታሮ ሚዩራ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ጋትስ የሚሸከመውም እንዲሁ፤ ደራሲው ራሱ ብረት አለው እንጂ ሰይፍ አላለውም። እነዚህን አልነካቸውም። ፊት ለፊት ይዋሻሉ፤ ዐይናቸውን በጨው ሳይታጠቡ፣ ሜካፕ ተቀብተው። እኔ ጠቤ ከረቫት አስሮ፣ ሠንጠረዥ ዘርግቶ፣ በግራም ከሚዋሸው ጋር ነው።

«ልክ ቢሆን ጌሙ ያሰለቻል» የምትለዋን ቀድሜ ልውሰድብህ፣ ድካም ላቅልልህ። በ2018 የፕራጉ ዋርሆርስ ስቱዲዮ ኪንግደም ካም ዴሊቨራንስን አወጣ። በ1403 ቦሂሚያ፣ ያለ ድራጎን፣ ያለ አስማት፣ በትክክለኛ ረጅም ሰይፍ። ሚሊዮኖች ገዝተው ተጫወቱት። ጀግናው ሄንሪ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ ሲጀምር ሰይፍ መያዝ አያውቅም፣ ተምሮ ነው የሚይዘው። ገና በመግቢያው አባቱ ዕዳ እንዲያስመልስ ኩኔሽ ወደሚባል የሰፈር ሰካራም ይልከዋል፤ ብዙ ተጫዋች እዚያው በቡጢ ተደብድቦ ይወጣል። አንተ ዛሬ ማታ ቤትህ ግባና ክፈተው። ሰይፉን ለጊዜው ተወው፤ በመጀመሪያ ሰካራሙን አሸንፍ።